ዓርብ ስለሚወገደው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኮምፒውተር

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ አዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተማችን ከማንኛውም ቫይረስ የተጠበቀ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የምዝገባ ክፍል ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አዛውንቶቻችን የሚነግሩኝን ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሲስተሙን ስላሻሻሉልን የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ፦

፩. ኮምፒውተሬ ቀድሞ እስኪከፈት ድረስ ጠረጴዛ ወልውዬ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስለ ጉልበቷ ሕመም አውርቼ እጨርስ ነበር። አሁን ቁልፉን ተጭኜ ቀና ሳልል ይከፈታል። ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

፪. በድሮው የአማርኛ ፎንት የተጻፉት ፋይሎቼ በሙሉ ካሬ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። ምስጢር በመጠበቅ ረገድ ከዚህ የላቀ አገልግሎት አይገኝም፤ የጻፍኳቸው እኔ ራሴ እንኳ ማንበብ አልቻልኩም።

፫. ከሳጥኖቹ መካከል በክፍል አሥራ አንድ የሚኖሩት አናጺ ለልጃቸው ያስጻፉኝ ደብዳቤ አለ። አባትና ልጅ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። አሁን የአናጺውን አንደበት ስትሮክ ይዞታል። ልጃቸው መጣች፤ በግራ እጃቸው ወደ ቢሮዬ ሲጠቁሙ አይታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። "እህቴ፣ አባዬ አንድ ነገር አስጽፎሻል ብለው አስታማሚዎቹ ነገሩኝ። በሞቴ፣ ስድብም ቢሆን አንብቢልኝ።" ኮምፒውተር ክፍሉ አበላሸው አልኳት። አዎ፣ በእርስዎ አሳበብኩ።

፬. እዚህ ላይ አቤቱታዬን ጉልበት ይከዳዋል። የማሻሻያውን ጥቅምና ጉዳት የሚዘረዝር ሰርኩላር ልከውልን ነበር። ጥቅሙ ሦስት ገጽ። ጉዳቱ በአራተኛው ገጽ ግርጌ አንዲት መስመር፦ የቆዩ ፎንቶች አስቀድመው ካልተቀዱ ሊጠፉ ይችላሉ። ከሥሯ "አንብቤ ተረድቻለሁ" ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። አላነበብኩም። መረዳቱ የመጣው አሁን ነው።

የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አሮጌ ኮምፒውተር አዲሱን ሲስተም መሸከም ስላቃተው ሳይሻሻል ቀርቷል። ፎንቱ እሱ ላይ አለ። "ዓርብ የሚወገድ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አይቻለሁ። እንዳይወገድ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ፣ ሦስቱንም ጊዜ በደቂቃ ውስጥ "ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ ደርሶኛል፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ምናልባት በእግርዎ ሲያልፉ ያዩት እንደሆነ ብዬ ነው። አንድ ፍላሽና አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።

በማይነበቡት ፋይሎቼ ብዛት ልክ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣
ገና በሂደት ላይ ያለሁት
የምዝገባ ክፍል ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ቢገኝ መሃል ላይ ስለሚቋረጥ፣ ልጅየዋ ማሻሻያው በላው ብላ የተከበረውን ክፍልዎን እንዳትወቅስ ከወዲሁ ላሳውቅ። አባቷ እየነገሩኝ ሳለ "አሁን ይሻሻል ወይስ በኋላ?" የሚለው መልእክትዎ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። "አሁን" የሚለውን ተጫንኩ። እሳቸውን "አባባ፣ የቀረውን ነገ" አልኳቸው። ሕመሙ የጣላቸው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከሁሉ የማስታውሰው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው፦ "ልጄ፣ ያን ቀን በሩን የዘጋሁብሽ"