ገበያ የለውም ላሉኝ ርእሰ መምህር፣ ከበርዎ ፊት ለፊት ካለው ኮፒ ቤት

ተፈረመ! ስድስት ትምህርት ቤቶች ፈርመዋል፤ ስድስተኛው የእርስዎ ነው! ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በራስዎ አዳራሽ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው እያዩ፣ የወላጆች ኮሚቴው እኔና ታናሽ ወንድሜ በኢንተርኔት የምንሰጠውን የማስጠናት አገልግሎት በሙሉ ድምፅ ተቀበለ። ከደስታዬ ብዛት ሰላምታውን ማስቀደም አልሆነልኝምና ይቅርታዎን እየለመንኩ አሁን ልመለስበት።

እጅግ ለተከበሩት ለትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፦ እንደምን ሰነበቱ? ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የቀኝ ትከሻዎ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያንን የተማሪ መግረፊያ የውሃ ጎማ ሲያነሳና ሲያወርድ የኖረ ትከሻ በድንገት ሥራ ሲፈታ ይደነዝዛል ይባላልና፣ በሞቀ ውሃ እንዲያሹት በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። እኔ የኮፒ ቤቷ ሴትዮ ነኝ፤ የግራ ጆሮዋን ታምቡር የቀደዱባት ልጅ እናትም እኔው ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። የሒሳብ መምህር የነበረውን ወንድሜን "ጎማ የማይዝ መምህር ክፍል አይገዛም" ብለው ካባረሩት በኋላ፣ እሱ ኮፒ ቤቴ ጥግ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ልጆችን በስክሪን ማስጠናት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶች አገልግሎቱን ለተማሪዎቻቸው እንዲወስዱልን ማመልከቻ ብናስገባም፣ እርስዎ "ጥናት ያልተደረገበት፣ ገበያም የሌለው" ብለው በቀይ እስክሪብቶ መለሱልን። እውነትዎን ነበር፤ ጥናት አልነበረንም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ስለሆንኩ፣ የገበያ ጥናት ከረባት ያሰረ ሰው ብቻ የሚሠራው ይመስለኝ ነበር። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ሳጠና ኖሬአለሁ! ተማሪዎችዎ የጓደኛቸውን ደብተር ኮፒ ሊያስደርጉ ሲመጡ "አንተ ሰነፍ፣ በእጅህ አትገለብጥም?" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር፤ አንድ ቀን አንዱ መዳፉን ዘረጋልኝ። እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም፣ ቆዳው መሐል ለመሐል ተተርትሮ ደሙ ደርቆበታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እርሳስ ከእጄ አልተለየም፤ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ብቻ መጻፍ አቅቷቸው ደብተር ኮፒ ያስደረጉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጆች ቆጠርኩ። ገበያ የለውም ያሉኝ እርስዎ፣ ገበያውን በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ በገዛ እጅዎ ያመርቱልኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ መጀመሪያዋ የሙሉ ጊዜ ደንበኛችን አመሰግናለሁ። አንድ ረቡዕ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለቁጥጥር ወደ ክፍል ሲገቡ ልጄ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ እየሠራች ነበር። መልሷ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን አጎቷ ያሳያት እንጂ በመጽሐፉ ያለው አልነበረም። በጥፊ ሲያጮሏት ጭንቅላቷ ከሰሌዳው ጠርዝ ተላተመ፤ ከጆሮዋ የወረደውን ደም ነጭ ኮሌታዋ ጠጣው፤ ኮሌታውን እስከ ዛሬ አላጠብኩትም። ከክሊኒክ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ "እማዬ፣ በቀኜ ሁኚ፤ በግራዬ ስትሆኚ የለሽም" አለችኝ። ያንን በር ዳግመኛ እንደማታልፍ በዚያው ማለች። እኔም ሌላ ነገር አልተመኘሁም፤ ልጄ በዚያ በር ራሷን ቀና አድርጋ ተመልሳ ስትገባ ማየት ብቻ ነበር ምኞቴ። እስከዚያው ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዋ ሰክታ ከአጎቷ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጠች።

ሦስተኛ፦ ለማስታወቂያ ሳንከፍል ስላስተዋወቁን። መጠይቅ አዘጋጅተን ቤት ለቤት ስንዞር "በስክሪን የሚያስተምር መምህር በምን ይሻላል?" ለሚለው ጥያቄ፣ ወንድሜ "ጊዜ ይቆጥባል" እና "ትምህርቱ ይደገማል" የሚሉ ሣጥኖች አሰናድቶ ነበር። ማንም አልነካቸውም። መካኒኩ አባት "እጁ አይደርስማ!" አለ፤ ሦስት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድገው አትክልት ሻጯም "እጁ አይደርስማ" አለች፤ ወንድሜ ሲመረው ሁለቱን ሣጥኖች ሰርዞ "እጁ አይደርስም" የሚል አንድ ሣጥን ብቻ አተመ። አንድ ሹፌር ደግሞ "እኔም እየተገረፍኩ ነው ሰው የሆንኩት፤ ምን አባቱ ያቀብጠዋል!" ብሎ ጮኸብን፤ አጠገቡ የተቀመጠው ልጁ ግን ቀስ ብሎ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። አባትየው አየው። ከዚያ መጠይቁን ተቀብሎን ፊርማውን ሲያኖር ወረቀቱን በስቶታል።

አራተኛው እንኳን ለእኔ ለማሽኔም ክብር ነበር፤ እርስዎ ራስዎ ሱቄ ድረስ መጡ። ዓርብ ዕለት፣ ገና የጥናታችንን የመጀመሪያ ገጽ ሠላሳ ኮፒ አዝዤ የማሽኑን ክዳን እንዳነሳሁ፣ "አንቺ መሃይም፣ ስሜን ልታጠፊ ነው?" እያሉ ገቡ። ወረቀቱን በግራ እጅዎ መንጭቀው ጎማውን ከነእጅዎ መስታወቱ ላይ ጧ! አደረጉት፤ የማሽኑ ብርሃንም በዚያው ቅጽበት ከሥርዎ አለፈ። ሁለተኛው ምት መስታወቱን ሰነጠቀው፣ ሦስተኛው የእጄን አንጓ አገኘው፤ ምልክቱ አሁንም እንደ አምባር ዞሮኛል። እውነት ለመናገር የወረቀት መቁረጫው ስለት አጠገቤ ነበር፤ ዓይኔም አይቶት ነበር፤ እግዜር ይመስገን እጄ የደረሰው የማሽኑ ቀለም ቶነሩ ላይ ነው። ፊትዎ ላይ ስለበተንኩት ጥቁር ዱቄት በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ መዶሻውን እንደያዘ ዘሎ ሲገባ በመካከላችሁ የገባሁትም እኔ ነኝ፤ የዚያን ምስጋና ግን ከእርስዎ አልጠብቅም።

እንግዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እርስዎ ዓይንዎን እያሹ ከወጡ በኋላ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው ማሽን የታዘዘውን ሠላሳ ቅጂ አንድ በአንድ ይተፋ ጀመር። በእያንዳንዱ ላይ ጎማው አለ፤ የጨበጡት ጣቶች አሉ፤ ያ ትልቁ የእጅ ሰዓትዎ አለ፤ ሰዓቱም አራት ተኩል ይላል። ወንድሜ አንዱን አንሥቶ ሲያበቃ፣ "እቴ፣ ሽፋን አገኘን" አለኝ።

ማክሰኞ ዕለት ለኮሚቴው "ያታልሏችኋል፣ የዚህ ነገር ገበያ የታለ?" ብለው ሲናገሩ እኔ ጥናቱን አደልኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነችው ልብስ ሰፊ ሽፋኑን አየች፣ ቀና ብላ ሰዓትዎን አየች፣ መልሳ ሽፋኑን አየች። ያን ጊዜ እርስዎ፣ ክቡር ሆይ፣ እጅዎን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ሥር ደበቁት። ከሹፌሩ ልጅ አንድም አልተለየ! ሹፌሩ ከኋላ ተነሥቶ "እጁን ያውጣ!" ሲል አዳራሹ ተናወጠ፤ ወንበር ተሰበረ፣ ሁለት ሰው ቀሚሴን ረገጠው፣ አንዲት እናት ጎማውን ከቢሮዎ አምጥታ በልብስ ሰፊዋ መቀስ ከታትፋ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ከዚያ እጅ ወጣ፤ አንድም ተቃውሞ የለም። ውሉ ውስጥ ያሰፈርነው የእኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ስክሪኑ በተተከለበት ክፍል ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስክሪኑም በየክፍሉ ይተከላል።

ቤት ገብቼ ለልጄ በቀኝ ጆሮዋ ነገርኳት። "እሄዳለሁ፤ ግን በማልሰማበት በኩል እንድትሰሚልኝ አንቺ በግራዬ ትሄጃለሽ" አለችኝ።

ለትከሻዎ ጤናን፣ ለመዳፍዎ ዕረፍትን፣ ለሰዓትዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ያለ እርስዎ ብርቱ ክንድ ለዚህ ወግ የማልበቃ ታማኝ ባለውለታዎ፣ ከበርዎ ፊት ለፊት ያለችው የኮፒ ቤት ሴትዮ።

ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያው ትምህርት የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይከፈታል፤ ልጄ ያንኑ ሒሳብ በዚያው በአጎቷ መንገድ በስክሪኑ ላይ ትሠራለች። አባት፣ እናት፣ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ጫማ ሰፊውም መዶሻውን ሱቁ ትቶ፣ ማንም እንዳይቀር! ሰው ሁሉ የአቅሙን ስጦታ ይዞ ይመጣል። እርስዎ ግን አይቸገሩ፤ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ባዶ እጅዎን ይምጡልን።