ምላስ ሥር

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ጅዳ፣ ከጠ. 2፡00

ደግሞ ደረቷን ያዛት። ማማ ከቢራን ነው፣ የከፊሌን፣ የአሠሪዬን እናት። (ከዚህ በኋላ ማ.ከ. ነች፤ ለሙሉ ስሟ ቀለም አላባክንም።) የልብ ክኒኗን ሰጠኋት፣ በዘምዘም፣ በመካው ቅዱስ ውኃቸው፣ ዋጥ። እንደ ሁልጊዜው ለውጥ የለም። ግማሽ ሰዓት እያቃሰተች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሲያማት የምትቆነጥጠው እኔን ነው።

አንቺ ደብተር፣ ያንን ቀን ታስታውሻለሽ። የመድ. ቤቱ ሱዳናዊ ክኒኑ ምላስ ሥር ይቀመጣል፣ አይዋጥም አለኝ። እኔ ጅሏ ልንገራት ብዬ! በዚህች በኩሽና ዓረብኛዬ፣ ማማ፣ ማፊ ዘምዘም አልኳት። በዘምዘም አትዋጪው ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው ክርስቲያኗ ዘምዘምን ናቀች ነው። በጥፊ! ጉትቻዬን ከሶፋ ሥር ለቀምኩ። ኻላስ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። ከቀ. 11፡00

ለመድኃኒት አል-ባላድ ገበያ ተላክሁ። ሱዳናዊውን ጠየቅኩት፦ ብትውጠውስ? ገበያ አልነበረውም፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የተዋጠ ነገር ከአንጀት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚሄደው ጉበት ጋ ነው። ጉበት ይህን ክኒን ሲያገኝ ይሰባብረዋል፣ ለልብ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ከምላስ ሥር ግን በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፣ በጉበት ሳያልፍ ልብ ይደርሳል።

ለእኔ የገባኝ በመካ መንገድ ከባሕራ ወዲያ እንዳለው ኬላ ነው። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን አይተው፣ ክርስቲያን ነሽ፣ መካ አትገቢም ብለው እንደሚመልሱኝ።

ስመለስ ብቻዬን ሳቅኩ። እሰይ! ለካ ክኒኑን የምታበላው ለጉበቷ ነው። ትዋጠው። እኔ እንደሆን ተናግሬ ተመትቻለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7። ከጠ. 4፡00

ማ.ከ. ከልጇ ከከፊሌ ጋር ለዑምራ ጸሎት መካ ሄደች፣ ሳምንት ትቆያለች። እኔ አላልፍም፣ ሀያት አብራት ሄደች። ሀያት የወሎዋ ልጅ፣ አብራኝ የምትሠራው ሙስሊም፣ አንድ ክፍል የምንተኛው፤ ወባ የያዘኝ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሬን በጨርቅ ያቀዘቀዘችው። የክኒኑን ሳጥን ሳስረክባት፣ እንዴት ነው የምሰጣት አለችኝ። እንደለመደችው በዘምዘም፣ አልኳት። ዓይኗን ሳላይ።

ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 9። ከቀ. 9፡30

ሀያት ከመካ ደወለች፣ እያለቀሰች። ማ.ከ. ደረቷን ይዟታል፣ ክኒኑን ውጣ ምንም የለም፣ ከንፈሯ ነጥቷል። አምቡላንስ ተጠርቶ አልደረሰም። ከፊል ምን አብልተሻት ነው እያለ ይጮህባታል፤ እናቴ ከሞተች ለሹርጣ አስረክቤ ነው የማሳስርሽ ብሏታል።

ወይ ጉዴ። ለአሮጊቷ ያሰብኩት ሀያት ላይ ሊወርድ!

ጮህኩ። ሌላ ክኒን፣ ምላሷ ሥር፣ እንዳትውጠው፣ ዘምዘሙን ሲሟሟ ትጠጣለች በያት! ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው። ማቃሰቱ ይሰማኛል። ቆይቶ ቀነሰ። ቆይቶ ጠፋ። ሞተች ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። አልሐምዱሊላህ አለች ሀያት። ተሻላት።

ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ታውቂ ነበር?»

ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። ጅዳ፣ ከጠ. 3፡00

ማ.ከ. ተመልሳለች፣ ከነምላሷ። ያዳነችኝ ሀያት ናት እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ለሀያት የወርቅ ቀለበት፣ ለእኔ ያው ቁንጥጫ።

ሀያት ፍራሿን ጠቅልላ ማ.ከ. ክፍል ገባች። አታናግረኝም። ሳጥኑን ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው። ዛሬ ጠዋት ማ.ከ. ማቃሰት ስትጀምር ሮጬ ገብቼ እጄን ወደ ሳጥኑ ዘረጋሁ። ሀያት እጄን ገፋ አድርጋ ክኒኑን ራሷ ሰጠቻት። አሮጊቷም ምላሷን እንደ ሕፃን ወደ ላይ አነሳችላት።

ልቆጣ ነበር። በየትኛው አፌ? እኔ ሀያትን ብሆን፣ ለእኔ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አላስይዝም።

ወሰንኩ። ሳጥኑን ሁለተኛ አልጠይቃትም።