አቶ ከፈለኝ የከደነው ቤት

መርሳ፤ ቅዳሜ፣ ሰኔ 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

የአራተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ጣቴ ሁሉ ቀይ ቀለም። ማድ ቤት ተቀምጬ መዶሻው ሲወቅጥ እሰማለሁ። የመጨረሻዎቹ ቆርቆሮዎች ዛሬ ይመታሉ። ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ይህን ቤት ስመኘው የኖርኩት ዘመን ቀላል አይደለም። የሣሩ ክዳን በየክረምቱ ይበሳል፤ እማዬ በየክረምቱ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ትገፋለች። አሁን በቃ።

ኮንትራክተሩ አቶ ከፈለኝ የወልድያ ሰው ናቸው። ጥቁር መነጽር። ደረት ኪሳቸው ላይ እርሳስ። አንደበታቸው ማር። ከሰዓት በኋላ ከመሰላሉ ወርደው እጃቸውን አራገፉና በዚህ ክዳን ሥር የልጅ ልጅ ይዳርበታል አሉኝ። ልጅ የለኝም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ሒሳባቸውን ጨርሼ ሰጠሁ፤ መርቀውኝ ሄዱ። ከሰኞ ጀምሮ ጎረቤት ከተማ ግራና ላይ ሌላ ቤት ይከድናሉ።

እማዬ ገባች። ቀና ብላ አየች። ያብረቀርቃል አለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 29

ወንድም ጋሼ ከወልድያ መጡ። ቤቱን ዞሩት፤ ግድግዳውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ። ሴት ብቻዋን ያሠራችው ቤት ምን ያህል ይቆማል የሚል ፊት። እንዲህ አላሉም፤ ግን ታላቄ ናቸው፣ ፊታቸውን ማንበብ አያቅተኝም።

ምሳ ላይ የመጡበትን ነገር አወጡት። እማዬን ወልድያ ሊወስዷት ነው። ደረቷ እርጥበት አይችልም፤ እሳቸው ቤት ደረቅ ክፍል አለ፤ ሐኪምም ቅርብ ነው። እማዬ እጇን ታጥባ ተነሣች። ባሌ የተቀበረው መርሳ፣ ማኅበሬ መርሳ፣ ወልድያ ሄጄ በመስኮት መኪና ልቁጠር ወይ አለች።

በመጨረሻ ተስማማን። ቤቱ ክረምቱን ከቻለ እማዬ እዚሁ ትኖራለች። አልጋዋ ላይ ጠብታ ከወረደ ለቡሄ መጥተው ይወስዷታል። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። እየሳቅኩ ነው ያልኩት። ቆርቆሮ እኮ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8፤ ከቀኑ 11 ሰ.

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ መጣ። መጀመሪያ ድምፁን ወደድኩት። ከዚያ በሩ አጠገብ ጠብ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ። ከዚያማ የማያፈስ የት አለ። ድስት፣ ሳፋ፣ ባልዲ፤ ዕቃ አለቀብን። የልጆቹ የፈተና ወረቀት ራሰ። ቤቱ መሐል ያለው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቧንቧ ይወርዳል።

እማዬ አልጋዋ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀመጠች። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ሳቀች። ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ። ሣሩስ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የሚያፈሰው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ጎረቤቴ ዘይነባ መሰላል አመጣችልኝ። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ወጣሁ። ዘይነባ መሰላሉን ይዛ ወላሂ ከወደቅሽ ለእናትሽ አልናገርም፣ እሮጣለሁ ትለኛለች።

አየሁት። ሚስማሩ የተመታው ቆርቆሮው ጎድጎድ ባለበት ነው፤ ውሃው በሚሄድበት ቦይ ላይ። ጫፍና ጫፉም በቅጡ አልተደራረበም፤ ጣቴ ይገባል። እርግጠኛ ለመሆን ት/ቤት ሄድኩ። የክፍሌን ክዳን ከውጭ ቆሜ አየሁት። እዚያ ሚስማሩ ሁሉ ከፍ ባለው ሸንተረሩ ላይ ነው፤ ውሃው በጎን ያልፈዋል። ስንት ዓመት ከሥሩ ሳስተምር ቀና ብዬ አላየሁትም።

ስለዚህ ዕድሌ አይደለም። ቤቴም አይደለም። ሰውየው ነው። ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ላይ ስጽፍ ለአቶ ከፈለኝ አንቱታውን ትቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ግራና ደርሼ መጣሁ፤ ዘይነባ አብራኝ ነበረች። እግሬ ጭቃ በጭቃ። አቶ ከፈለኝ የሐጂ ይመርን ቤት የጣሪያ ወራጅ እንጨት እያስመታ አገኘሁት። ሐጂ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ጥላ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ነገሩን ነገርኩት። መነጽሩን እንኳን አላወለቀም። “ወይዘሪት፣ ቆርቆሮ ሲበርደው ያልበዋል። ይህ የታወቀ ነው። ወይ ደግሞ እቤት ውስጥ ውሃ ደፍታችኋል።” ሠራተኞቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ልመለስ ዘወር ስል ሐጂ ከጥላው ተናገሩ።

“የሷ ካላበው የኔም ሊያልበው ነዋ?”

ሳቁ ቆመ። ያኔ ልቤ ተመለሰ። ሐጂ፣ አንቱ ዳኙን አልኳቸው። አቶ ከፈለኝ ወዲያው እሺ አለ፤ ምላሱን ይተማመናል። ቦታው የት ይሁን ሲባል እኔ ቤት አልኩ። መቼ ሲባል ማክሰኞ፣ ሐጂ የቀትሩን ዙህር ሰግደው ሲያበቁ አልኩ። እንግዳ ማስተናገድ የፈለግሁ መሰላቸው። ዘይነባ ብቻ ገባት። መንገዱን በሙሉ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የመጣችው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14፤ ከቀኑ 12 ሰ.

ሁሉንም ልጻፈው፤ አንዲት ነገር እንዳትቀርብኝ።

ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ። ዛሬ ዝናቡ ቢቀርስ አልኩ። ቢሆንም ድስቶቹን ሰበሰብኩ፤ ወለሉን ጠርጌ አደረቅኩ። ለሐጂና ይዘዋቸው ለሚመጡት ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚውን ግድግዳው ጥግ፣ ደረቁ ቦታ ላይ አስጠጋሁ። ለአቶ ከፈለኝ የአባቴን ባለ መደገፊያ ወንበር አወጣሁለት። ቤቱ መሐል አኖርኩት። የክብር ቦታ ነው። ተቀመጠ፤ እግሩን አነባበረ።

ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ አሜን አልን። እሱ ጀመረ። ስለ ብረት፣ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ ስለከደናቸው ቤቶች ብዛት። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያመኑት መሰለኝ። ተራዬ ደረሰ። ነገሬ አጭር ነበር፤ ግን ሰማዩን በበሩ አየሁና አስረዘምኩት። ከመሠረቱ ጀመርኩ። ስለ እንጨቱ። ስለ ጭቃው። እማዬ በዓይኗ ቶሎ ጨርሺ ትለኛለች። አልጨርስም። ከተራራው በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው።

ነጎደ። ከዚያ ወረደ። ቆርቆሮው እንዲያ ሲጮህ እኔም ዝም አልኩ፤ ማን ይሰማኛል። የመጀመሪያው ጠብታ ጉልበቱ ላይ አረፈ፤ በእጁ ጠረገው። ሁለተኛው መነጽሩ ላይ። ወንበሩን ሳብ አደረገ፤ እዚያም ሌላ ጠበቀው። እንደገና ሳበ። ሽማግሌዎቹ ወንበሩ ቤቱን ሲዞር በዓይናቸው ይከተሉታል። በመጨረሻ ቧንቧው ማጅራቱ ላይ ወረደ።

ሐጂ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ዝናቡ ጋብ ሲል፣

“አቶ ከፈለኝ፣ ላብ ነው?” አሉት።

እማዬ ፎጣ አቀበለችው። እንዳይበርድህ ልጄ አለችው፤ ከልቧ ነው ያለችው፤ ያ ደግሞ የባሰ ገባበት።

ፍርዱ ይኸው፤ ክዳኑ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይመታል። የተበሳው ቆርቆሮ አይመለስም፤ አዲሱን አቶ ከፈለኝ በራሱ ወጪ ያመጣል። ሐጂ ደግሞ የሷን ቤት አንድ ደህና ዝናብ ሳያየው ግራና መዶሻ እንዳታነሣ፣ እኔ መታገሥ አያቅተኝም አሉ። አቶ ከፈለኝ ተነሥቶ እጅ ነሣ። እርጥብ ነበር።

ቤቴ አሁንም ያፈሳል። እኔ ግን እየዘፈንኩ ድስት አስቀምጣለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ማለዳ ከሠራተኞቹ ጋር መጣ። መነጽር የለም። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፤ አልወረድኩም። መንገደኛ ቆሞ ያያል። አስተማሪዋ ጣራ ላይ ወጣች የሚለው ወሬ መርሳን ሳይዞር አይቀርም፤ ይዙር።

እያንዳንዷን ሚስማር አያለሁ። ሸንተረሩ ላይ። ሸንተረሩ ላይ። አንዷን በልማድ ቦዩ ላይ መታት። ይነቀል አልኩት። ቆርቆሮውም ይቀየር። ላቡን ጠርጎ “ወይዘሪት፣ ልጆቹንም እንዲህ ነው የሚያርሟቸው?” አለኝ። አዎ፣ በቀይ አልኩት። ሳቀ። ሳይወድ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ። ምሳ አበላኋቸው። ሰው ክፉ አይደለም፤ የሚያየው ሲያጣ ነው የሚሰንፈው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ዘነበ። በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ። እኔና እማዬ መሐል ቤት ቆመን ቀና ብለን ጠበቅን። ድምፁ ብቻ ገባ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 13፤ ቡሄ

ወንድም ጋሼ ቃላቸውን አክብረው መጡ። ባዶ ሻንጣ ይዘዋል፤ ለእማዬ ልብስ። ልጆች በር ላይ እየጨፈሩ፣ እማዬ ሙልሙል እያደለች። ዝናቡም እንደ ተጠራ ሰው ደረሰ። ወንድም ጋሼ የእማዬን አልጋ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ፍራሹን ገለበጡ። ግድግዳውን፣ ጥጉን። ደረቅ። በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማነው የሠራው፣ የወልድያው ቤቴ በዚህ ክረምት ማፍሰስ ጀምሯል አሉ።

“ልጄ ናት የሠራችው” አለች እማዬ።

አቶ ከፈለኝ እያልኩ ላስረዳ ነበር። ተውኩት። እማዬ ያለችው ይሻላል።

በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለሱ። ሻንጣው ውስጥ እማዬ ሙልሙል ሞልታላቸዋለች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። እማዬ ማኅበርተኞቿን ጠርታ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ጥግ ይዤ እጽፋለሁ።

ዘይነባ መጣች። ባሏ እሺ ብሏል፤ የሣር ክዳናቸውን አውርደው በቆርቆሮ ሊያሠሩ ነው። ኮንትራክተሩን አንቺ አነጋግሪልን አለችኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ ልላት ነበር። ከዚያ ባሏ ኮንትራክተር ፊት ቆሞ እሺ፣ እሺ ሲል ታየኝ።

ወሰንኩ። ሰኞ ከዘይነባ ጋር ኮንትራክተር ፍለጋ ወልድያ እንሄዳለን። የምናገረው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ክፍያ ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ ነው፤ ዝናቡም ሲዘንብ ኮንትራክተሩ ቤት ውስጥ፣ መሐል ላይ ይቀመጣል። ይህን ካልተቀበለ ሰው ጋር ሻይ እንኳን አንጠጣም።