የተመዘገበው ሳቅ

ሄክሳም፣ እንግሊዝ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1901

«የተከበሩት አባል በደቡብ አፍሪካ፣ በትራንስቫል ስለተቃጠሉት የቦር ገበሬዎች እርሻዎች የጦር ሚኒስትሩን ከሚጠይቁ፣ እዚያው የዘመተውን ልጃቸውን ለምን አይጠይቁም?»

ሐሙስ ለንደን በምክር ቤቱ ቆሜ ስናገር የመንግሥት ደጋፊው ሰር ላንስሎት ፔቨሪል የጮኸብኝ ቃል በቃል ይህ ነው።

ውድ ልጄ አምብሮዝ፣ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። እናትህ የሱፍ ካልሲ ሠርታ ልካልሃለች፤ የፖም ዛፎቹም አብበዋል።

በሰር ላንስሎት ጩኸት አባላቱ በሳቅ አውካኩ። በደንቡ ለሰውየው በቀጥታ መልስ መስጠት ስለማልችል፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጥያቄዬ ለሚኒስትሩ ነው። ስንት ቤት ተቃጠለ? ሴቶቹና ሕፃናቱስ የት ገቡ?» ብዬ ቀጠልኩ። የምክር ቤቱ ጸሐፊዎች የመዘገቡት የንግግሬ ረቂቅ ለእርማት ሲመጣልኝ ጩኸቱ ቀርቶ «ሳቅ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። አልሰረዝኩትም። ስለተቃጠሉ ቤቶች ሲነገር እንደሳቁ የልጅ ልጆቻቸው ያንብቡት።

እናትህ፣ «ጆሳያ፣ በል ልጁን አታስጨንቀው! ካልሲው ልክ ሆነልህ ወይ ብለህ ብቻ ጠይቀው» ትላለች። ቀድሞ የዋልክበትን ሁሉ ትነግረን ነበር፤ ከገና ወዲህ ግን የምትጽፈው ስለ ፈረስህ ብቻ ነው።

ክርክሩ በሰኔ መጨረሻ ይቀጥላል። መልስህ ምንም ይሁን ምን፣ ያንኑ የቤቶቹን ጥያቄ እዚያው ምክር ቤት ቆሜ እጠይቃለሁ። ከገና ወዲህ ክፍለ ጦርህ በየት በየት እንዳለፈ፣ የታዘዛችሁትም ምን እንደነበረ ንገረኝ።

አምላክ አንተንም እጅህንም ከክፉ ይጠብቅ። መልስህ በጽሑፍ፣ ከሰኔ ሃያ ሳያልፍ ይድረሰኝ።

አባትህ
ጆሳያ ቲርዌል