የአኮ ዲንኪቱ ቤት

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 1978

ዛሬም ቂንጬ። ጠዋት ቂንጬ፣ ማታ የጠዋቱ ቂንጬ ታናሽ ወንድም። እትዬ በለጡ ድስቱን እያማሰለች «ሚስራ፣ ዛሬ እንኳ ሳትለክፊ አድለሽ ተመለሺ» አለችኝ። ሳልለክፍ እንዴት ይታደላል? ወንዶቹ አዳራሽ ገብቼ ሳህን በማንኪያ እየደበደብኩ «ሙሽሮች ተነሱ፣ ሰርገኛው ደርሷል» አልኩ። ሳቁ። ጥርስ ያለውም የሌለውም።

ከአባባ ዲባ በቀር።

ግድግዳው ሥር ያለችው አልጋ ላይ ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ ብሎኬቱ አዙረው። ዓይናቸው አያይም። ሳህኑን አስይዛቸዋለሁ። ትንሽ ይዘውት ይቆዩና መልሰው ይሰጡኛል። «ገላቶሚ» ይሉኛል፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ያልበሉትን ምን ያመሰግኑኛል?

አጥንታቸው መታየት ጀምሯል... ሌላው ሽማግሌ ድርቁ ከብቱን ጨርሶበት ነገሌ ሲገባ እንዲያ ነበር፣ እዚህ መጠለያ ገብቶ ግን አገገመ። እሳቸው እዚህ ገብተው ከሱ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ጤና ረዳቱ መጣ። የአባባ ዲባን ሆድ ጫን ጫን አደረገና «ወስፋት ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጠ። ባዶ ሆድ ውስጥ ወስፋቱ ምን በልቶ ይኖራል? ብዬ ጠየቅኩት። ስምንተኛ ክፍል የወደቀች ልጅ ሐኪም አትጠይቅም አለኝ። እሺ።

አርብ፣ ጥር 9

ሴቶቹ አዳራሽ ስገባ አኮ ዲንኪቱ ሁልጊዜ በር ላይ ነው የሚጠብቁኝ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ነው፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላቸው። የአባባ ዲባ ሚስት ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ... በላ? እኔም መልሴ አንድ ብቻ... በሉ። ዛሬ ግን ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ውሸቴን እንዳወቁት አወቅኩ።

እዚህ ግቢ ባልና ሚስት በአንድ በር ገብተው በሁለት አዳራሽ ይለያያሉ። ከእኛ ከሠራተኞቹ በቀር ሴት ወደ ወንዶቹ አዳራሽ አትገባም፣ ወንድም ወደ ሴቶቹ። ደንቡን ያወጣው ኃላፊያችን ጓድ ኃይለመስቀል ነው። እኔ ማስመሪያ ነው የምለው። አልጋው ቀጥ፣ ጫማው ቀጥ፣ ሰልፉ ቀጥ። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹንም ሊያቀናቸው ነው።

ቢሮው ገባሁ። አኮ ዲንኪቱ ባላቸውን ያጉርሱ፣ ለምግብ ሰዓት ብቻ ይግቡ፣ ብዬ ለመንኩት። ዛሬ አንዷን ባስገባ ነገ ሁሉም ይገባል አለ። «ቢገቡስ፣ ጓድ? በዚህ ዕድሜ ይወልዳሉ ብለው ፈርተው ነው?»

አስወጣኝ። ይሄ አፌ...

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬ ነገር አበላሸሁ።

ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ነበር። የዘበኛውን የጉዮን ካፖርት ተዋስኩ። አኮ ዲንኪቱን አለበስኳቸው፣ ራሳቸው ላይ የወንድ ጥምጥም ጠመጠምኩ፣ ከዘራ አስያዝኳቸው። እምቢ ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ «ማንም አያውቅም፣ ይምጡ» እያልኩ የጎተትኳቸው። ማስመሪያ ስብሰባ ሄዷል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ጎረምሳ ከየት መጣ» ይላል፣ ሌላው ጢሙን አሳዩኝ ይላል። እኔ ሆዴን ይዤ... አባባ ዲባ ዞር አሉ። ሚስታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። በእጅ ነው ያወቋቸው። «ዲንኪቱ?» አሉ፣ ድምፃቸው እንዴት እንዳማረ። ከዚያ እጃቸው ወደ ላይ ሄደ። ካፖርቱን ነካ። ጥምጥሙን ነካ።

እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሚስቴን ምን አደረጋችኋት?»

ተመልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቂንጬው እንደተሞላ ቀረ። አኮ ዲንኪቱ ካፖርቱን በር ላይ አውልቀው ሰጡኝና ሳያዩኝ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

አያናግሩኝም። አካም፣ እንዴት ነዎት ስላቸው ናጋ፣ ደህና ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። እንዲያውም ባይመልሱልኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 18

ቧንቧው ጋ አገኘኋቸው። ውሃ ልቅዳልዎ ብዬ ጀሪካኑን ነጠቅኳቸው። ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም አልኳቸው። እርስዎ አጠገባቸው ሆነው፣ እጃቸውን ይዘው፣ አባባ ለምን አልበሉም?

ጀሪካኑ ከሞላ በኋላ ነው የመለሱልኝ። በኦሮምኛ ነው፣ እኔ እንደገባኝ ነው የምጽፈው።

«ልጄ፣ ዲባ የሚያጎርሰው ሰው አይደለም ያጣው። ቤት ነው። ወንድ ቤት የለውም፣ ቤት የሚስቱ ነው። እኔ ሠርቼ፣ እኔ አንጥፌ፣ እሱ ገብቶ ይበላል። አሁን ያለው በማን ቤት ነው? በመንግሥት ቤት። በሰው ቤት እንግዳ እስኪጠግብ ይበላል?»

እኔ እንግዲህ የከተማ፣ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። ቤታችንን ያሠራው አባቴ ነው፣ አናጺ ቀጥሮ። እናቴ ምስማር አላቀበለችም። ቤት ሴት ትሠራለች ሲባል በገጠር አይቻለሁ፣ ግን እንዲህ... ቤቱ ሲጠፋ ሰውዬውም ቦታ ያጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁላችንም ስለ ሆዳቸው ስናወራ ከረምን። ወስፋት...

ታዲያ ለምን እዚህ ግቢ አይሠሩም? አልኳቸው። ለቀልድ ነበር። አኮ ዲንኪቱ ግን ግቢውን ዞር ብለው ዓይተው «እንጨት አምጪልኝ» አሉ።

ሰኞ፣ ጥር 19

በሕጋዊ መንገድ ሞከርኩ። አልሞከረችም እንዳይባል።

ማስመሪያ ሳቀብኝ። ከአዋሳ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ መጠለያው ፕላን አለው፣ የሳር ጎጆ ኋላ ቀርነት ነው፣ ሕዝቡን ከጎጆ አውጥተን በብሎኬት ስናኖር አንቺ መልሰሽ ልትከቺው ነው ወይ አለኝ። ሰውዬው እየሞቱ ነው አልኩት። ሕክምና ተሰጥቷቸዋል አለ። ቤቱን በጣም ቀጥ አድርገን እንሠራዋለን አልኩት። ዝርዝሩን ሊሰማ ትንሽ ጓጓ መሰለኝ። ክብ መሆኑን ስነግረው ነው የጮኸው።

አንድ ሽማግሌ በርሃብ ሊሞት፣ ምግብ በእጁ ይዞ... ይሄን ለማስረዳት ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል?

ሐሙስ፣ ጥር 22

ማገዶ አልቋል። እትዬ በለጡ ናት ያለችው፣ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ጠና ጠና ያሉት ሴቶች ከከተማው ዳር ማገዶ ይዘው ይገባሉ። የዘንድሮ ማገዶ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ቀስት የሚለመጥ ነው። ጉዮ በር ላይ ቆሞ እያየ «ይሄ ጥሩ ይነዳል» ይላል። ቦረና ነው፣ እንኳን እሱ ጥጃም ያውቀዋል ለምን እንደሆነ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ማስመሪያ ጠዋት ለውይይት ክበብ ወጣ። እግሩ ከበር ሳይርቅ ሴቶቹ ከአዳራሹ ፈሰሱ።

እነዚህ ናቸው ሳህን መያዝ የከበዳቸው? ወገቤን የሚሉት? አንዷ ትቆፍራለች፣ አንዷ ትተክላለች፣ አንዷ ጫፍና ጫፉን ጎንበስ አድርጋ ታስራለች። አኮ ዲንኪቱ መሐል ቆመው ጣታቸውን ብቻ ይጠቁማሉ። እኔ ያሰርኩትን ፈቱት። ደግሜ አሰርኩ፣ ደግመው ፈቱት። ጉዮ ሊረዳ ጠጋ ሲል በጭብጨባ አባረሩት፣ የወንድ እጅ አይገባበትም። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተደርድረው ይተቻሉ። በሩ ጠበበ፣ አይ ሰፋ... «እናንተ ደግሞ በየትኛው ቤታችሁ ነው» ብዬ ለከፍኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ሳቀና ፊቱን ወደ አዳራሹ አዞረ። ሁሉም መተቸት ተዉ። ምነው ባልተናገርኩ።

ሳሩ ከላይ ሲለብስ አኮ ዲንኪቱ ወንዶቹ አዳራሽ በር ድረስ ሄዱ። አልገቡም። ከውጭ ተጣሩ። አባባ ዲባ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ሚስታቸው እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። የጎጆው በር ላይ አባባ ዲባ ጎንበስ አሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ልክ በልኩ።

ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ዳሰሱት። ዙሪያውን። ከዚያ ተቀመጡ።

ትንሽ ቂንጬ በሉ። ትንሽ፣ ግን በሉ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ማስመሪያ ጎጆውን ዓይቶ የፊቱ ቀለም ተለወጠ። እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ይገባሉ። ጉዮን ጠርቶ አፍርስ አለው። ጉዮ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መሬት መሬት እያየ «ጓድ፣ የሴት ቤት ነው። ባለቤቷ ውስጥ ተቀምጣ እኔ ወንድ ልጅ እንዴት ልንካው?» አለ። ልባረር ብሎ ነው እንዲህ ያለው፣ ልጆች አሉት።

ማስመሪያ ዞር ዞር አለና እኔን ዓየኝ።

«አንቺ ሴት አይደለሽ? እንግዲህ አፍርሺው። እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ አልይሽ።»

አባባ ዲባ ውስጥ ሆነው ሰምተዋል። ምሳ አልበሉም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

እያፈረስኩ ነው። በትጋት። የቢሮው መስኮት ፊት ለፊት ቆሜ ሳር እመዛለሁ፣ ላቤን እጠርጋለሁ፣ ወገቤን እይዛለሁ። የመዘዝኩትን አንዲት አሮጊት ተቀብላ ከጓሮ በኩል መልሳ ትሰካዋለች። እስከ ማታ አፈረስኩ። ቤቱ እንዲያውም ወፈረ።

ግን ነገስ? አልሳቅኩም ዛሬ። አኮ ዲንኪቱ ከቤታቸው አልወጡም። ውጪ ከወጣሁ ይሄ ኃላፊ ራሱ ይጥለዋል ይላሉ። አባባ ዲባም ልብስ አጣጥፈው ተቀምጠዋል፣ ሊነሳ እንዳለ እንግዳ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

እንግዶቹ ገቡ። አለቃቸው ሴት ናቸው፣ ጓድ የሺ የሚባሉ፣ ሙቀቱ ያሰቃያቸው። ማስመሪያ ወደ አዳራሹ ይመራቸዋል፣ እሳቸው ወደ ጎጆው ይሄዳሉ። «ይሄ ምንድነው?» ሲሉ እሱ መግቢያ ሊያጣ ደረሰ... ጊዜያዊ ነው፣ እየፈረሰ ነው፣ ይላል። በእውነት አሳዘነኝ። ትንሽ።

ጉዮ ሴትዮዋን ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ሰላም ይበሉ፣ ባለቤቷ ካልፈቀደች አይገባም አላቸው። ጎንበስ ብለው እንደምን ዋላችሁ አሉ። ከውስጥ አኮ ዲንኪቱ «ግቢ» አሉ። ገቡ። እኔም ለማስተርጎም ተከትዬ ገባሁ። ሴትዮዋ አባባ ዲባን አዳራሹ ይሻላል ወይስ ይሄ ብለው ጠየቁ። አባባ ዲባ ለመንግሥት አዳራሽ ምስጋና አቀረቡ፣ በጣም በጨዋ ደንብ። ከዚያ «እዚያ ተኝቼ ነበር። እዚህ እኖራለሁ» አሉ።

ሴትዮዋ ወጥተው፣ ማን ነው ይሄን ያሰበው፣ ጥሩ ነው፣ ሌላም ቦታ ይሞከር አሉ።

ማስመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። በውይይት ክበባችን ተጠንቶ፣ የሕዝቡን ባህል መሠረት በማድረግ...

አፌን ከፈትኩ። አኮ ዲንኪቱ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የእሱ ሐሳብ ከሆነ አይፈርስም ማለታቸው ነው። ገባኝ። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መራራ ነገር ውጬ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሌሎች ሦስት ባልና ሚስቶችም ጎጆ ጠየቁ። ማስመሪያ ፈቀደ፣ ግን በኖራ መስመር አሰመረ። ጎጆዎቹ በሰልፍ። ሴቶቹ መስመሩን ዓይተው፣ በሩ ንፋስ ከሚመጣበት ጀርባውን መስጠት አለበት ብለው ኖራውን ረግጠው ሠሩ። እሱ ደግሞ አሰመረ። ሚስት የሌላቸው ሽማግሌዎች ግን እዚያው አዳራሽ ናቸው። ለእነሱ ማን ይሠራል? ጠየቅኩት፣ ለእንግዶቹ የሚላከውን ሪፖርት እየጻፈ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሥራዬ በዛ። ድሮ አንድ አዳራሽ ገብቼ ሳህን አንኳኩቼ እጨርስ ነበር። አሁን በየበሩ መቆም አለብኝ። አካም ብዬ፣ ናጋ እስኪሉኝ ጠብቄ፣ «ግቢ» ስባል ብቻ። ሙሽሮች ተነሱ ማለት ቀረ። በሰው ቤት እንዴት ይባላል?

ዛሬ በቂንጬው ፋንታ የዱቄት ወተት ነበር። ለአኮ ዲንኪቱ አቀበልኳቸው፣ ለባላቸው አስጨበጧቸው። እኔ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ባዶውን ጣሳ እጠብቃለሁ። አባባ ዲባ አንዴ ተጎነጩ። ቆዩ። ወደኔ ዞሩ።

«ሚስራ ነሽ?»

ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። አቤት አልኩ።

«ይቺ የማን ላም ናት?»

ምን ልበል? የመንግሥት አልኩ።

«ታማለች። ሄደሽ ንገሪያቸው። ወይ ያሳክሟት፣ ወይ አርደው ይገላገሏት።»

አኮ ዲንኪቱ ሳቃቸው ፈነዳ። እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ሰውዬው እኔን ለከፉኝ። እኔን።

ጣሳውን መለሱልኝ፣ ገላቶሚም አላሉኝም። እትዬ በለጡ ስነግራት ስቃ ስቃ ከዚያ ተቆጣች፣ ዱቄቱን እኔ አልፈጨሁት አለች። እውነቷን ነው። የሚመለከተው ሌላ ሰው ነው።

ነገ ጠዋት ማስመሪያ ቢሮ እገባለሁ። የላም ወተት እጠይቃለሁ። ማን ነው ያማረረው ካለኝ፣ ሄደው በራቸው ላይ ይጠይቁ፣ ጎንበስ ይበሉ እንጂ እለዋለሁ።