ምስጉን ነበሩ?

ለወንድሜ ለካስማን፣

ባሕር ማዶ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አባባ ድሮ በጥፊ ስለመታው ጆሮህ፣ «ተሻለው ወይ?» እያለ ይጠይቃል።

ጎረቤታችን ጊማን ሞቱ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ኢማሙ እንደ ልማዱ፣ «ሟቹ ምስጉን ነበሩ?» ብለው ለቀስተኛውን ጠየቁ። «ነበሩ» ማለት የወንዶቹ ፈንታ ነው፤ ሁሉም ዝም አሉ። አንዱ ብቻ፣ «መሬቴን ሳይመልስልኝ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ሙዝ እያስጠበሰ ለመንደሩ ያድላል። አባባ ድሮ እግሩን በዱላ የሰበረበት ዋርሲቶ በልቶ ሲያበቃ፣ «ሙዙስ ምስጉን ነው» አለው።

አባባ ከስቶ ሽርጡ ስለሰፋው በገመድ እያሰርኩለት ነው። ለመምጣት እስከ ዒድ አትቆይ። ድምፅህ ወፍራም ነው፤ ብቻህን ብትናገርም ይሰማል።

አላህ ሳንጎድል ያገናኘን።

እህትህ ሱሚያቲ