የሚስስ ሃን ፒር

ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ

ሥራ ልገባ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሕፃናት የምጠብቅበት ዴይኬር ፓርኪንግ፣ መኪና ውስጥ ነኝ፣ ደብተሬ። ሚስስ ሃን ለቴክስቴ አልመለሱም። እሳቸው! በደቂቃ ውስጥ የአበባ ምስል የሚልኩ ሴትዮ። የቸርቹን ኪችን ቁልፍ እሑድ ረስቼ ይዤ ሄጃለሁ፣ እሱን ልነግራቸው ነበር።

የኮሪያዎቹን ቤተ ክርስቲያን ከተከራየን ስምንት ዓመታችን። እነሱ ጠዋት፣ እኛ ከሰዓት። ፓስተር ሃን ይሰብካሉ፣ ሚስታቸው ሚስስ ሃን ኪችኑን አንድ ቀን እንኳ አቆሽሸው አልተዉልንም። ጠረጴዛው ላይ ለኛ የተቆረጠ ፒር፣ ያ ፖም የሚመስለው ፍሬ፣ ይጠብቀናል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ራሳቸው ፊታችን ቆመው ካልበሉ አይሄዱም። ሆዳም ናቸው እያልኩ መ.ን አስቀዋለሁ። መ. ያው ባሌ፣ የኛ የሐበሾቹ መጋቢ።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ልጃቸው ደወለች። እሑድ አመሻሽ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ባስ ሲጠብቁ፣ አንድ ሰውዬ በሽታሽን ይዘሽ ወደ አገርሽ ሂጂ ብሎ ገፈተራቸው። የግራ እጃቸው ተሰብሯል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው! ቆሞ ያየ ሞልቷል፣ የተናገረ የለም።

የዴይኬሩ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እጁ ይሰበር። ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ ግን እጁ ይሰበር።

ረቡዕ

የአካባቢው ፓስተሮች በዚሁ ጥቃት ምክንያት እሑድ እዚሁ አሌክሳንድሪያ አብረው ሊጸልዩ ነው። ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ኮሪያውም። ከኛ በኩል መ. ይናገራል። ሲጽፍ ዋለ፣ አራት ገጽ። አነበበልኝ። እናወግዛለን። አጥብቀን እናወግዛለን። በጽኑ እናወግዛለን።

መሃል ላይ ስልኩ ጮኸ። አዲስ ሰው ከግሪንቤልት፣ የቸርቻችንን አድራሻ ፈልጎ። የቻይናዎቹን ቸርች ስታይ ወደ ቀኝ ታጠፍ አለው። ዘጋና ወረቀቱን አነሳ። አየሁት። ምነው አለ። ምንም አልኩት። ቆይቶ ራሱ ገባው፣ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን አሸ። የኔ ምስኪን። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው አድራሻ የሚሰጠው።

እኔስ ማን ነኝና እፈርድበታለሁ? ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ከኮቪድ በኋላ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው እሑድ፣ ፒሩ ሳህን ላይ ነበር። ለኛ ሴቶች እንዳትነኩት አልኳቸው። ጋርቤጅ ውስጥ ደፋሁት። እነሱ የተቀመጡባቸውን ወንበሮችም በበረኪና አጠብኩ። ከነሱ ማንም አላየኝም ብዬ ይኸው ኖርኩ።

ዓርብ

ጥየቃ ሄድን። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ነጠላችንን ለብሰን፣ ድስታችንን ይዘን፣ ሳንደውል። የተጎዳ ሰው ተደውሎ ይጠየቃል እንዴ! ልጃቸው በሩን ከፍታ ክው አለች። ማነው የሞተው? ማንም አልሞተም አልናት።

ገብተን ግድግዳውን ተከትለን ተደረደርን፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ፓስተር ሃን ከጋራዥ ወንበር ያመላልሳሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ የለም። ሚስስ ሃን ተራ በተራ አዩንና ሳቅ ያዛቸው፣ በጀሶ የታሰረ እጃቸውን ደግፈው እንባቸው እስኪመጣ። እኛም ሳቁን ለቀቅነው። ትልቋ እናታችን እትዬ አስካለ ተነሥተው፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ እህቴ ብለው በአማርኛ መረቁ። ሚስስ ሃን ቃል በቃል የገባቸው ይመስል አንገታቸውን ደፉ። ውድድ አደረግኳቸው።

የፒሩ ነገር ግን አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በምን አንደበቴ።

ቅዳሜ

መ. አራቱን ገጽ ቀደደው። የራሴን ጥፋት ነው የምናገረው አለ። የቸርቻችን ሽማግሌዎች አበዱ። ጋሽ ወልዴ ደውለው፣ በሰው ፊት ልታዋርደን ነው ወይ ብለው ጮኹ። እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ አላቸው። ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ይሄን ግትር የወደድኩት ለዚሁ ነው።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንቺስ የምትነግሪኝ አለ ወይ አለኝ። ነገርኩት። የምትነግሪው ለኔ አይደለም አለ፣ ለእሳቸው ነው። ተናደድኩ። ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበ ዕቃ።

እሑድ፣ ከሰዓት 11

መ. አምስት ደቂቃ ተናገረ። ቤታችሁን ስምንት ዓመት ከፈታችሁልን፣ እኔ መጋቢው ቻይናዎቹ እያልኩ ኖርኩ፣ ያን ሰውዬ ከመውቀሴ በፊት ይቅር በሉኝ አለ። ዞሮ ለፓስተር ሃን ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። እሳቸውም ዝቅ አሉ። እሱ ደግሞ ከእሳቸው ዝቅ። ማን ቀድሞ ይቅና! ጋሽ ወልዴ መሐረብ ሲያወጡ አየሁ።

ከዚያ አዳራሽ ገባን። ሚስስ ሃን ያን ፒራቸውን ይዘው መጥተዋል። በአንድ እጅ መላጥ አቃታቸውና ቢላዋውን ሰጡኝ። እየላጥኩ ነገርኳቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ጋርቤጁንም በረኪናውንም።

አውቃለሁ አሉ። የዚያን ቀን ጋርቤጁን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ለምን በሳምንቱ ደግመው አመጡልን? ፈርታችሁ ነበር አሉኝ። የፈራ ሰው ሌላው ሲበላ ማየት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸው ይበላሉ።

ሆዳም ስላቸው የኖርኩት ሴት! ቢላዋውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ አንዷን ቁራጭ አንሥቼ፣ ፊታቸው ቆሜ በላሁ። ቀጣይዋን አጎረስኳቸው።

ሰኞ፣ ጠዋት

ከእንግዲህ ባስ የለም። እሑድ እሑድ ሚስስ ሃንን የማደርሳቸው እኔ ነኝ። መ. ተራ እናውጣ አለ። ተራ የለም አልኩት። ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

አሁን ስልክ ይዟል። አዲስ ሰው ከሮክቪል፣ አድራሻ ፈልጎ። ጆሮዬን ጥያለሁ። የፓስተር ሃንን ቤተ ክርስቲያን ስታይ ወደ ቀኝ ታጠፍ አለው።